በሙሉ ድምፅ

ጋሽ አስረስ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልኬ ነው። ዳባት አብረን ያስተማርን መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የበዓል መልካም ምኞትና የደረጃ እድገት ወሬ ነው የሚለጠፍበት። የዚያን ቀን ደባርቅ፣ አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። አንዱ የድሮ ፎቷቸውን ለጥፎ «አንጋፋው የአማርኛ መምህራችን አስረስ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል» ብሏል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተደረደረ። ከዚያ ውዳሴው ቀጠለ። «በአቋማቸው የጸኑ ሰው ነበሩ።» «ለህሊናቸው የኖሩ።» «ለየት ያሉ፣ የራሳቸው መንገድ የነበራቸው።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው እኮ! «በአቋማቸው የጸኑ» ያላቸው የስፖርት መምህሩ ነው፤ በሕይወት ሳሉ «ግትር» ነበር የሚላቸው። «ለየት ያሉ» ያለችው የእንግሊዝኛዋ መምህርት ደግሞ ያኔ «ሰውየውን ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል መሰለኝ» ትል የነበረች ናት። ሰው ሲሞት ስሙም አብሮ ይታጠባል፤ ያው ጠባይ ነው፣ ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው። ጋሽ አስረስ ቢያዩት ኖሮ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሡ ሲመረምሩ ይውሉ ነበር።

እኔ ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ስለ እሳቸው አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ውሸት ነበር። ይህንን እስከዚያ ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ዳባት የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ነው፤ የሒሳብ መምህርት ሆኜ። የደብረ ታቦር ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አልፈራም ብዬ ነበር፤ የዳባት የኅዳር ጠዋት ግን ትምክህቴን በሳምንት አስተወኝ። ሥራ በጀመርኩ በአሥረኛው ቀን የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ጋዎን ነበር፤ መምህራን ሁሉ አንድ ዓይነት ጋዎን ይልበሱ ነው ነገሩ። የጊዜው ርዕሰ መምህር «የምትደግፉ?» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ እጁን አወጣ። «የምትቃወሙ?» ማንም የለም። «ድምፀ ተአቅቦ?»

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ታየ። ክርኑ ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ መዳፉ ብቻ ነው የቆመው፣ «ቆይ እስቲ» እንደሚል ሰው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ነበሩ።

«ጋሽ አስረስ፣ አሁን ለጋዎን ምን ተአቅቦ ያስፈልገዋል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ጨርቁን አላየሁትማ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ። በኋላ ጋዎኑ መጣ፤ በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለቀቀና የሁላችንም ሸሚዝ ሰማያዊ ሆነ። ጋሽ አስረስ ስለ ጨርቁ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ብያችሁ ነበር» ቢሉ ኖሮ ሰዉ ይቅር ይላቸው ነበር መሰለኝ፤ ዝም ማለታቸው የባሰ አናደደው።

እንዲህ ነበር ሁልጊዜ። ለምዝገባ ቀን፣ ለአጥር ጥገና፣ ለመምህራን ክበብ ሻይ፣ ለሁሉም ያቺ መዳፍ ትቆማለች። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» እንዳይል የምታደርግ እሷ ብቻ ነበረች። ተማሪዎቹ እንኳ ስማቸውን ትተው «ተአቅቦ» ይሏቸው ነበር፤ «ዛሬ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተአቅቦ ነው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት የስፖርት መምህሩ ፊት ለፊት አላቸው፤ «ጋሽ አስረስ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ አፈንጋጭ ነዎት።»

እሳቸው የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ከአማርኛ መምህርነታቸው በፊት ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ስድብ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚያዩት ቃሉን ነው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አፈንጋጭ መንጋ አለው» አሉ ቀስ ብለው። «አብሮ ሲሄድ ቆይቶ ነው ጥሎ የሚታጠፍ። እኔ ከእናንተ ጋር መቼ ሄጄ አውቅና ነው የማፈነግጥ?»

«እሺ፣ እምቢተኛ።»

«እምቢተኛ የተጠየቀ ሰው ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ? ከወሰናችሁ በኋላ እጅህን አውጣ ነው የምትሉኝ።»

«ግትር!» አለች የእንግሊዝኛዋ መምህርት ከጥግ።

«ግትር አንድ ሐሳብ ይዞ አልለቅም የሚል ነው። እኔ ገና የያዝሁት የለም።»

«ሞገደኛ።»

«ሞገደኛ ሌላውን ይበጠብጣል። ስብሰባችሁን በጥብጬ አውቃለሁ?»

«አጉራ ዘለል!» አለ ሌላው፤ ጨዋታው ጥሞታል።

«እሱስ ለወጣት ነው» አሉ ጉልበታቸውን እየደባበሱ። «አጥር መዝለል ይጠይቃል።»

ሁላችንም ሳቅን። «ታዲያ ምን እንበልዎ?» አለ የስፖርት መምህሩ።

ጋሽ አስረስ የሻይ ብርጭቋቸውን መልሰው አነሡ። «እንጃ» አሉ፤ «ለብቻው ለቆመ ሰው ስድብ እንጂ ስም አላገኘሁለትም።» ደወል ተደወለና ወደየክፍላችን ገባን።

በሁለተኛ ዓመቴ «እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ የስብሰባ ጸሐፊ ተደረግኩ። በማግስቱ ጋሽ አስረስ ጠመኔ የነካው እጃቸውን እያራገፉ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ልጄ ሰናይት፣ ጸሐፊ ሆንሽ አሉ።»

«ሆንኩ ጋሼ። ምክር ካለዎት...»

«ምክርስ የለኝ። ብቻ የሚያምረውን ሳይሆን የተባለውን ጻፊ።»

ለምን ሁልጊዜ ተአቅቦ እንደሚሉ የጠየቅኳቸው ያን ቀን ነው። ሊነግሩኝ አልፈለጉም ነበር፤ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ነገሩኝ። ወጣት መምህር ሳሉ፣ ሰው ሁሉ ከስብሰባ ስብሰባ በሚዋከብበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ ጓደኛቸው ላይ ውሳኔ ቀረበ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ እሳቸውም አወጡ። ጓደኛቸው በዚያው ሳምንት ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

«ምን እንዳጠፋ ዛሬም አላውቅም» አሉኝ። «ሳላውቅ ነው ያወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን እጠብቃታለሁ።»

«ታዲያ መቃወምስ አይቻልም?»

«ለመቃወምም ማወቅ ይጠይቃል፣ ልጄ። እኔ አብዛኛውን ነገር አላውቀውም።»

ከሰው አይጣሉም፤ ከሰው ጋርም አልነበሩም። ሚስት አላገቡ፣ ማኅበር አልገቡ። የሚከራዩዋት አንዲት ክፍል ከአስፋልቱ ወዲያ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ከተማው ጫፍ በእግራቸው ሄደው፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደባርቅ የሚያልፉትን መኪኖች ቆመው አይተው ይመለሳሉ። ምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው «ሰው ሰውን ሲሸኝ ማየት ደስ ይለኛል» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

አንድ ሰው ብቻ ነበረቻቸው፤ የትምህርት ቤቱ በር ጠባቂ እትዬ ብርቄ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ የሄዱባት፣ አምሳ ዓመት የተጠጋች ሴት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ግቢውን ሁሉ የሚያዳርስ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ አስረስ የመምህራኑን ክበብ ትተው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷ ከቤቷ ያመጣችውን ትፈታለች፤ አብረው ይበላሉ። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው አግዳሚ ላይ፣ በሁለት ዓመት የምሳ ሰዓት። ሲያወሩ ሰምቻቸው አውቃለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ አንድ ጎረቤቷ ውሻ ነው የሚያወሩት፤ አንዳንዴም ምንም አያወሩም። «መምህር፣ ይብሉ እንጂ፤ ለእህልም ተአቅቦ አለ እንዴ?» ስትላቸው ብቻ ነው ጋሽ አስረስ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየሁት። ፋሲካ ሲደርስም ቤቷ ጠርታ ታስገድፋቸው ነበር።

ከተማው ለዚህም ቃል አላጣም፤ እሷን «ዓይን አውጣ» አሏት። ሰምታ «ዓይኔ ባይወጣ በሩን በምን እጠብቀው ነበር?» አለች አሉ። እሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ቃሉን አልመረመሩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። የወሬውን ባለቤት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ሰላም አላሉትም።

በአራተኛ ዓመቴ አዲስ ርዕሰ መምህር መጣ። ወጣት፣ ፈጣን፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፉ ነበር ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያ ትእዛዙ በሩ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋ የሚል ነበር። ለከተማው ልጆች ችግር የለውም። ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡት ግን ወንዙ በሞላ ቀን ዞረው በድልድዩ ነው የሚሻገሩት፤ ሦስት ሰዓት ይሆንባቸዋል። እትዬ ብርቄ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ትዘጋዋለች፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑትን ስታይ ግን መልሳ ትከፍተዋለች። አንዴ በቃል፣ ሁለቴ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። «እሺ ጌታዬ» ትላለች፤ በማግስቱ ትከፍታለች።

አንድ የሰኔ ጠዋት ከበላይ ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጡ። እነሱ ቆመው እያዩ ብዙ ልጆች ጭቃቸውን እየጎተቱ በሦስት ሰዓት ገቡ። ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሳምንት «ማርፈድን አጥፍተናል» ብሎ ሪፖርት ልኮ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

የውሳኔ ሐሳቡ አጭር ነበር፤ የጥበቃ ሠራተኛዋ ትእዛዝ ደጋግማ ስለ ጣሰች የኮንትራት ውሏ ይቋረጥ። ተቆጣጣሪዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል። የሚናገር ጠፋ። እዚያ ክፍል ውስጥ እትዬ ብርቄን የሚጠላ አልነበረም፤ የገቡትም ልጆች የራሳችን ተማሪዎች ናቸው። ነገር ግን እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ሰኔ ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላበት ወር ነው። ሁሉም የጎኑን ሰው ያያል፤ የጎኑም ሰው እሱን ያያል።

«የምትደግፉ?»

እጅ ወጣ። እኔ በቀኜ እየጻፍኩ ግራዬን አወጣሁ።

«የምትቃወሙ?» አለ ርዕሰ መምህሩ ለደንቡ ያህል።

ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጋሽ አስረስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ ክንዳቸው እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል።

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ። «ጋሽ አስረስ፣ ተአቅቦ ገና አላልኩም እኮ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሰዓቱን የሳቱ መስሎን ነው፤ ከእሳቸው ተቃውሞ የጠበቀ ማንም አልነበረም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ተቃውሜ ነው። ይህንን አውቀዋለሁ። በየቀኑ እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነው። የዘጋችበትንም ቀን የከፈተችበትንም ቀን አውቃለሁ። ልክ የሆነችው የከፈተች ቀን ነው።»

ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆጥሬ እስክጨርስ፣ ማለት አንድ እስክል፣ እጃቸውን አላወረዱም። ረቂቄ ላይ በእርሳስ «ተቃውሞ፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። አልጮኸብኝም። «ሰናይት፣ ንጹሑን ቅጂ ስትጽፊ በሙሉ ድምፅ በይው» አለኝ። «አንድ ድምፅ ውሳኔውን አይለውጠውም። ለእሳቸውም ይሻላል፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። እነዚህ ተቆጣጣሪዎች የእሳቸውን ስም ይዘው እንዲሄዱ ትፈልጊያለሽ?»

ወደ ደባርቅ ለመዛወር ያስገባሁት ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለጋሽ አስረስ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ጻፍኩት። «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ተያይዟል።» ፊርማው ስብሰባው ሲጀመር መገኘታችንን ለማሳየት የፈረምነው ነው። የጋሽ አስረስም አለበት፤ በዚያ ቀጥ ባለው የቅኔ ቤት ጽሕፈታቸው። ቅጂው ከስንብቱ ደብዳቤ ጋር ለእትዬ ብርቄ ተሰጣት። እሷም የሚያነብላት ሰው አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ጋሽ አስረስ ምሳ ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው አየኋቸው። በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል። ቤቷ ድረስ ሄደው እንዳንኳኩ፣ ውስጥ ሰው እያለ እንዳልተከፈተላቸው ሰማሁ። መንገድ ላይ ሲገናኙም ነጠላዋን በፊቷ ላይ ስባ አለፈች አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የዚያን ዕለቱን ቃለ ጉባኤ እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው?»

«እንዳሉት ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ።»

«ተቃውሞዬን አስገብተሽዋል?»

«አስገብቻለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ አውቃለች» አሉ። «አውቃ ነው የተቀየመችኝ። እውነቷን ነው፤ አንድ እጅ ምን ያደርግላታል? ቀድሜ ሰው ማነጋገር ነበረብኝ። የኔ ነገር ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው የሚያልቅ።» ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና ዞር አሉ። «ስለ ጠረጠርሁሽ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

በዕድሜዬ ካደረግኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ቃለ ጉባኤውን መጻፌ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት የሁላችንም ነበር። ይቅርታቸውን ተቀብዬ ዝም ማለቴ ግን የራሴ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ጋሽ አስረስ ደጇን አላንኳኩም። እሷ ባለማወቋ፣ እሳቸው ታውቃለች ብለው፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ተራርቀው ኖሩ።

መስከረም ላይ ዝውውሬ ጸደቀ። በሚያዝያው ፋሲካ ጓደኛዬን ልጠይቅ ዳባት ወርጄ ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጋሽ አስረስ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አሮጌ ጋዜጣ ያነብባሉ። «ጋሼ፣ አልገደፉም እንዴ?» አልኳቸው። «ገድፌያለሁ» አሉ፤ «እንቁላል ቀቀልሁ።» ጓደኛዬ ቤት እንሂድ ብላቸው እሺ አላሉም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ለጡረታ ወረቀታቸው ደባርቅ መጥተው መናኸሪያው ላይ ተገናኘን። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ደባርቅ ስለ ወለድኩት ልጄ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ መኪኖቹ እያዩ፣

«ያ የስፖርት መምህር አፈንጋጭ ያለኝ ትዝ ይልሻል?» አሉ።

«ይለኛል። መንጋ የለኝም ብለው መለሱለት።»

«ተሳስቻለሁ። ነበረኝ። ሁለት ሰው መንጋ ከተባለ።» የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ብርቄን ታያታለሽ?»

«አላያትም፣ ጋሼ።»

«ደኅና ናት ይላሉ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች አሉ።»

ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ረጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልኩ በልቤ። ረዳቱ «ዳባት፣ ጎንደር! አንድ ሰው!» እያለ ጮኸ፤ ጋሽ አስረስ አንድ ሰው ነበሩና ገቡ። ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ።

ቀብራቸው ላይ አልሄድኩም፤ ፈተና ማረም አለብኝ አልኩ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዳባት ወርጄ የእትዬ ብርቄን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ግቢዋ ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ገብስ ትለቅማለች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰናይት ነኝ፤ ትምህርት ቤት...»

«አወቅሁሽ። ሒሳቧ። ግቢ፣ ተቀመጭ።»

«ጋሽ አስረስ ዐረፉ።»

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።» እጇ አላቆመም። «ቀብሩ ላይ አልቆምሁም። ታዝቢኝ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ቢፈርምብኝ አልገረመኝም፣ እቴ፤ ሰው ነው፣ ይፈራል። መምህር ግን ለጋዎን እንኳ እጁን ያላወጣ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቃት የኖረውን እጁን በኔ ላይ አወጣት።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ሳሰላ፣ ለእሷ እንዲህ ሆኖ እንደ ታየ አንድ ቀን አልገባኝም።

«አላወጡም» አልኳት። «ተቃውመው ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ እርሳሱን፣ ቢሮውን፣ ማመልከቻዬን፣ እሳቸው መጥተው የጠየቁኝን፣ የመለስኩላቸውን።

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቆሞ?» አለችኝ።

«ቆመው።»

«ምን አለ?»

«ልክ የሆነችው የከፈተች ቀን ነው አሉ።»

«ድምፁስ?»

«ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ይፈራ ነበራ» አለች። «ደጄን ሁለት ቀን አንኳኳ። ውስጥ ነበርሁ። በበሩ ሥር ጫማውን አየሁት፤ ጫማው እስኪሄድ ጠበቅሁ።»

ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ መቀነቷን አጥብቃለች። ግቢው መካከል መሬት ላይ ተቀመጠችና ያ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሲያዳርስ የነበረ ድምፅዋ ወጣ። «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!»

ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ። ሴቶቹ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ደረታቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ማን ነው የሞተብሽ፣ ብርቄ?» አሏት።

«መምህር አስረስ።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ዙሪያውን አዩ። «እሱማ ከተቀበረ ሁለት ሳምንቱ አይደለም እንዴ?»

«ለኔ ዛሬ ነው የሞተው» አለች። «ዛሬ ነው የተረዳሁት።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። ምንጣፍ ወጣ፣ አግዳሚ ከየቤቱ መጣ፣ ሰዉ ራሱን ተከናንቦ ተቀመጠ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ። እኔ ቀስ ብዬ ልወጣ ስል አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝ። «አንቺ ነሽ ያረዳሻት፣ ልጄ? እግዜር ይስጥሽ። መርዶ ይዞ መምጣት ከባድ ነው» አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መርዶ ያመጣ ሰው አሟሟቱን ለተቀመጠው ይናገራል፤ ደንቡ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ።

«አሟሟቱን ታውቁታላችሁ» አለች እትዬ ብርቄ፤ ድምፅዋ ሻክሯል። «አሟሟቱን አይደለም የምትነግራችሁ። እኔን የነገርሽኝን ንገሪያቸው። አንድም ሳትቀንሽ።»

ተቀምጬ የምናገር መስሎኝ ነበር፤ ግን ተነሣሁ። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ ለብቻ መቆም እንዴት እንደ ሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።